ከአጥሩ ወዲያ

ሙርዶ ሌርድ ሃምሳ ሁለት ዓመት በግ ሲጠብቅ ኖሮ ጉልበቱ ሲከዳው፣ የአሠሪ ኩባንያውን ቤት ልቀቅ ተባለ። ቤቱ የእረኛ ነው፤ እረኛ ያልሆነ አይኖርበትም። በፎክላንድ ደሴቶች ደንቡ ይኸው ስለነበር ማንም አልተገረመም። ሁለት ውሾቹንና ኮርቻውን ይዞ ስታንሊ ከተማ፣ ሴት ልጁ ዩና ቤት ገባ።

ከስታንሊ ውጭ ያለው ምድር፣ ሜዳውም ረግረጉም ተራራውም፣ ስሙ አንድ ነው፤ ካምፕ። ድንኳን የለበት፣ ወታደር የለበት፣ ብቻ ካምፕ ነው። ሰውም ወይ የከተማ ነው ወይ የካምፕ። ሙርዶ የካምፕ ሰው እንደሆነ መሞት ነበር የፈለገው። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

አንድ እሁድ ከእንግሊዝ የመጣ አዲስ አስተማሪ ቤታቸው ሻይ ተጋበዘ።

«ካምፕ እኮ የስፓኒሽ ቃል ነው» አለ። «ካምፖ፤ ገጠር ማለት ነው። ድሮ የዱር ከብት ሊይዙ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ፈረሰኞች ናቸው ያመጡት።»

ሙርዶ የፈረስ ቀለም ሲጠራ ዛይኖ፣ አላሳን እያለ ነው ያረጀው። እነዚያ ቃላትም ስፓኒሽ መሆናቸው ያን ቀን ገባው።

«ፈረሰኞቹስ የት ገቡ?»

«ገሚሶቹ ተመለሱ፤ ገሚሶቹ እዚሁ ቀሩ።»

«ቃሉስ?»

«ቃሉማ ቀረ። መጨረሻው ላይ ያለችውን ‹ኦ› ብቻ ነው የጣለው።»

«እኔም ጉልበቴን ብቻ ነው የጣልኩት» አለ ሙርዶ። «ለመሆኑ ይሄ ካምፕ የሚባለው ከየት ይጀምራል?»

ዩና ከአስተማሪው ቀድማ «ከከተማው አጥር ወዲያ ነዋ! ማን ይጠፋዋል?» አለች።

በማግስቱ ሙርዶ ከአጥሩ ወዲያ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቃ የቆመች አሮጌ የማገዶ ማስቀመጫ ጎጆ ያድስ ጀመር።

«አባዬ፣ አብደሃል? መብራት የላት፣ ውሃ የላት!»

«ካምፕ መቼ መብራት ነበረው?»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«አባትሽ የት ነው ሲሉሽ፣ ካምፕ ነው በያቸው።»

አድራሻ ሊያስመዘግብ ማዘጋጃ ቤት ሲሄድ ጸሐፊዋ በመስኮት አየች። «ጋሽ ሙርዶ፣ ጎጆዎ እኮ ከዚህ ትታየኛለች። ከተማ ብዬ ልጻፍዎት?»

«መሀላችን አጥር የለም?»

«አለ።»

«እንግዲያው።»

ጸሐፊዋ ሳቀችና ካምፕ ብላ ጻፈች።

እዚያች ጎጆ አንድ ክረምት ኖሮ እዚያው ሞተ። መቃብሩ ግን ከአጥሩ ወዲህ፣ ከተማ ውስጥ ሆነ። ዩና አዘነች፤ ድንጋዩ ላይ ከስሙ ሥር አንድ ቃል አስቀረጸች፤ ካምፕ። እንግዳ ሰው ሲያነበው ወታደር የነበረ ይመስለዋል።