ስዩም የፈታቸው የፊት ፍሬኖች

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ብዕር የምይዝ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት ‹‹ዛሬ ዝግ ነው›› የሚል ወረቀት ነው፤ እሱንም ሰው አርሞልኛል። መርሳ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቷል። ግን የተሻሉት ዝም አሉ፤ ነገሩ ደግሞ ሳይክል ይዞ ሩቅ አገር ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ብዬ አሰብኩና ደፈርኩ። ሱቄ ከስዩም ጎን ስለሆነ ብዙውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን እሱ ራሱ ነግሮኛል። የተሳሳተ ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስዩም ሳይክል ጠጋኝ ነው። አስፋልቱ ዳር፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ በቆርቆሮ የተከለለች ቦታ አለችው። ዕድሜው ሃምሳን አልፏል፤ ቁጭ ብሎ ያየው ሰው ግን የለም። ሻይ ሲያመጡለት ቆሞ ይጠጣል፤ ግማሽ ሲደርስ ብርጭቆውን አንድ ኮርቻ ላይ ያስቀምጥና ረስቶት ሌላ ጎማ ማሽከርከር ይጀምራል። የሚሠራው ሲያጣ የሠራውን ፈትቶ መልሶ ይገጥማል። ‹‹ስዩም ጋር ጎማ ልታስነፋ ሄደህ ሳይክልህን መሬት ላይ ተበትኖ ታገኘዋለህ›› እያሉ ይቀልዱበታል።

ቢቀልዱም ያከብሩታል። በእኛ አገር ረጅም ጉዞ የሚወጣ ሳይክለኛ ስዩም ሳያየው አይነሳም። ካቴናውን በጣቱ ይመዝናል፤ ጎማውን በመዳፉ እየዳሰሰ እሾህ ይለቅማል፤ ከኮርቻው ኋላ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ‹‹የሲኖትራክ ሹፌር ከሩቅ ይይህ›› ይላል። ምክሩም አያልቅም። ጎን ለጎን ሆናችሁ አትሂዱ፣ ዳገት ላይ የመኪና ጭራ ይዛችሁ አትጎተቱ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ፣ ሳይመሽ እደሩ። ይሄ ሁሉ ደግ ነው። አንዲት ነገር ግን ነበረችው። የፊት ፍሬን ይፈታል።

ሩቅ የሚሄድ ሳይክል እጁ ከገባ የፊቱን ፍሬን ከነሽቦው ነቅሎ አንድ ትልቅ ጆንያ ውስጥ ይጥለዋል። ‹‹የፊት ፍሬን ሰው ይገለብጣል። የኋላው ይበቃሃል›› ይላል። የሚከራከረው የለም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሁሉ ዝም ይላል።

ምክንያቱ አብዱሰመድ ነው። አብዱሰመድ እዚሁ አጠገባችን ያለችው የግራና ከተማ ሰው ነው፤ እርሻም አለው፣ እህልም ይነግዳል፤ ከስዩም ጋር አብረው ነው ያደጉት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ስዩም አዲስ የፊት ፍሬን ከወልድያ አስመጥቶ በጓደኛው ሳይክል ላይ ገጠመለት። በማግስቱ አብዱሰመድ ሲሪንቃ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ በመሪው ላይ ተገለበጠና በፊቱ አስፋልቱን መታው። አራት የፊት ጥርሱ ረገፈ። ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ሳይቀና ቀረ። ሰው ሁሉ ‹‹አዲሱ ፍሬን ገለበጠው›› አለ። አብዱሰመድም አላስተባበለ። ስዩም ያን ዕለት የራሱን የፊት ፍሬን ፈታ፤ ከዚያም የራሱን ሳይክል ሸጠ። ከዚያ ወዲህ የሰው ሳይክል ይሠራል እንጂ እግሩን ፔዳል ላይ አሳርፎ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ መንገዱ ጸጥ ባለበት ሰሞን፣ አምስት የመርሳ ሳይክለኞች በሦስት ቀን ጋሸና ደርሰው ሊመለሱ ተነሱ። በወልድያ አድርገው የድልብን ዳገት ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ያንኑ ይወርዱታል። የወረደው ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ማለቂያ የለውም፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ጭነት መኪና እያቃሰተ ይመጣል። ከአምስቱ አንዷ የስዩም ልጅ ሜላት ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

አትሂጂ ሊላት ፈልጎ አልቻለም። እናቷ ፈቅዳለች፤ ሳይክል ያስተማራትም እሱ ራሱ ነው፣ ኮርቻዋን ይዞ ከኋላዋ እየሮጠ። ሳምንቱን ሙሉ ሲቁነጠነጥ ሰነበተ። በዋዜማው ጠዋት ግራና ደወለ።

‹‹አብዱ፣ ልጅቷ ነገ ልትሄድ ነው። መጥተህ አፍህን አሳያት።››

‹‹አፌን?››

‹‹አፍህን! ጥርስህን። ትየውና ትፍራ።››

‹‹ወላሂ ስዩሜ፣ የጥርስ ሐኪም እንኳ እንዲህ ለምኖኝ አያውቅም›› ብሎ ሳቀ አብዱሰመድ። መምጣቱን ግን መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሚስቱ ከሀጂራ ጋር በባጃጅ ደረሱ።

አምስቱ ሳይክሎች ከማንጎው ሥር በኮርቻቸው ተገልብጠው ቆመዋል። ስዩም የመጨረሻውን የፊት ፍሬን እየፈታ ነበር። ሜላትና የጉዞው መሪ ልዑል ዕቃ ያቀብሉታል።

‹‹አሰላሙ አለይኩም፣ የማንጎው ሥር ሰዎች!››

‹‹ወአለይኩም ሰላም። ና፣ ና ወዲህ›› አለ ስዩም፤ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ በርጩማ ገፋለት።

ሜላት ተነስታ እጅ ነሳች። ‹‹ጋሼ አብዱ፣ እንዴት ዋሉ?››

‹‹አልሃምዱሊላህ ልጄ። አባትሽ አፌን እንዳሳይሽ ነው የጠራኝ›› አለና አፉን በሰፊው ከፈተላት።

‹‹ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ እኮ።››

‹‹ያኔ ልጅ ነበርሽ!›› አለ ስዩም። ‹‹አሁን ነው ማየት። ደንግጪ እንጂ!››

ሀጂራ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ልዑል ግን አልሳቀም። መፍቻውን በእጁ እያገላበጠ፣ ‹‹ጋሼ ስዩም፣ አይቆጡኝና፣ ድልብ ላይ በአንድ ፍሬን ትንሽ…›› አለ።

‹‹ትንሽ ምን?››

‹‹ባለፈው ዓመት ፍፁም…››

‹‹ፍፁም ፈጥኖ ነው!›› ጮኸ ስዩም።

ፍፁም አምና ድልብን ሲወርድ የኋላ ፍሬኑ ላስቲክ አልቆበት፣ ገደሉን ሸሽቶ ከተራራው ጋር የተላተመ ልጅ ነው። ጉልበቱ ተሰበረ። ስዩም ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄዶ ‹‹ፈጥነህ ነው›› ብሎታል። ልጁም ‹‹ልክ ነዎት ጋሼ›› ብሎ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ሳይክል አልነካም።

‹‹አብዱ፣ ንገራቸው እስቲ›› አለ ስዩም። ‹‹የፊቱን ስትይዝ ምን ሆንክ?››

የአብዱሰመድ ዓይን ግን ጆንያው ላይ ነበር። ‹‹እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?››

‹‹የፊት ፍሬን ነዋ።››

‹‹የማን?››

‹‹የሁሉም። ከአንተ ወዲህ ሩቅ የሄደ ሁሉ።››

‹‹ያ ረቢ›› አለ አብዱሰመድ። ‹‹እኔ የራስህን ብቻ የፈታህ መስሎኝ። የሰዉን ሁሉ?››

ይሄኔ ሀጂራ ወደ ባሏ ዞረች። ‹‹አንተ፣ የዶሮውን ነገር አልነገርከውም እንዴ?››

‹‹ሀጂራ!››

‹‹ምን ሀጂራ ትለኛለህ? ዶሮው እኮ እኛ ቤት ደርሷል፤ ያልደረሰው ሰውየው ነው።››

ስዩም አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። ‹‹የምን ዶሮ?››

አብዱሰመድ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ያን ቀን ወደ ሲሪንቃ የሚሄደው ሀጂራን ለማየት ነበር፤ ገና አልተጋቡም። ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ የእናቱን አውራ ዶሮ ሳይነግራት ወስዶ በግራ ብብቱ ይዞታል። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ዶሮው ተንፈራገጠ። በግራ በኩል ያለውን የኋላ ፍሬን የሚይዝ እጅ የለውም። በቀኙ የፊቱን ብቻ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጠው።

‹‹ፍሬንህ ደህና ነበር፣ ስዩሜ። ያጠፋው እጄ ነው።››

‹‹ሃያ ሁለት ዓመት!›› አለ ስዩም። ‹‹ምነው አትነግረኝም?››

‹‹መጀመሪያ እናቴን ፈራሁ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ፍሬኑ ነው ሲል ቀለለኝ። እያደር ደግሞ ለመናገር አፈርኩ። ይቅር በለኝ፣ አፉ በለኝ።››

ስዩም አፉም አላለው፣ አልተቆጣውም። ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። እኔ ከሱቄ በር ሆኜ አየሁት፤ ስዩም ቁጭ ሲል ያን ቀን ነው ያየሁት። ብዙም አልቆየ። ውስጡ ያሉት ብረቶች የቆረቆሩት ይመስል ብድግ አለ።

‹‹ካላየሁ አላምንም›› አለ። ‹‹ሜላት፣ ሳይክልሽን አምጪ።››

የፊቱን ፍሬን መልሶ ሲገጥምላት ብሎኑ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ከከተማው መውጫ አንዲት አጭር ቁልቁለት አለች፤ ሁሉም ወደዚያ ሄዱ። ሜላት ‹‹እኔ ልሞክረው›› ስትል ‹‹አንቺ ዞር በይ›› አላት። ታች ድንጋይ አስቀመጠች፤ ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ ደግሞ በኖራ አሰመረችለት።

ሃምሳ ያለፈው ሰው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ኮርቻ ላይ ወጣ። መሪው እንደ ጀማሪ ግራ ቀኝ ይዋልልበታል።

‹‹ዶሮ ላምጣልህ?›› አለው አብዱሰመድ።

‹‹አንተ ዝም በል!››

የመጀመሪያውን ሰውን እንደሚመክረው በኋላ ፍሬን ብቻ ወረደ። መስመሩ ላይ ሲይዝ ጎማው እየተንሸራተተ፣ እየጮኸ ድንጋዩን አልፎ ሄደ፤ በእግሩ ጭምር አስፋልቱን እየፋቀ ነው የቆመው። መልሶ ገፍቶ ወጣ። ልዑል ‹‹ሁለቱንም አንድ ላይ ይያዙ፣ ጋሼ፤ ቀስ ብለው፣ ገላዎን ወደ ኋላ አድርገው›› አለው። በሁለተኛው ወረደና መስመሩ ላይ ሁለቱንም ያዘ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። መገልበጡን ይጠብቃል። ሲገልጥ ሳይክሉ ቆሟል፤ ድንጋዩ ገና ከፊቱ ነው፣ አራት እርምጃ ያህል ይቀረዋል።

አላመነም፤ ደገመው። ሦስተኛም አራተኛም ወረደ። አራተኛው ላይ ከሳይክሉ ሳይወርድ ድንጋዩን እያየ ቆየ። ሜላት አጠገቡ ደረሰች።

‹‹አባዬ?››

‹‹ፍፁም አልፈጠነም›› አለ።

ከዚያ በኋላ መላ አጣ። ወደ ሱቁ ተመለሰ፣ ጆንያውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፤ አስፋልቱን ተሻገረ፣ ተመለሰ። ጆንያው ውስጥ ስንት እንዳለ ሊቆጥር ጀምሮ ተወው። በአንድ ፍሬን ቁልቁለት እንዲወርዱ የላካቸው ሰዎች ፊት እየመጣበት ነበር። ‹‹ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ኑ፤ ሳይክሎቹ እዚህ ያድራሉ›› አላቸው ሜላትንና ልዑልን። አብዱሰመድ ባጃጅ ውስጥ ሊገባ ሲል ስዩም መጥቶ ጎባጣ ክንዱን ያዘ። ጥቂት ይዞት ቆየና ለቀቀው።

ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ አልጠየቅኩትም። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጎህ ገና መቅደዱ ነው፤ ስዩም ግን አምስቱንም ጨርሶ ቆሞ ይጠብቃል። ሁሉም ሳይክል ከፊትም ከኋላም ፍሬን አለው፤ ላስቲኩም አዲስ ነው።

ልጆቹ ሲሰበሰቡ ዓይናቸውን አላየም፤ መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው። ‹‹እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነው ያሳሳትኳችሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ ያዙ፤ ቀስ እያላችሁ፤ ገላችሁን ወደ ኋላ። ድልብ ላይ በየመታጠፊያው ቆም በሉና ሳትነኩት እጃችሁን ወደ ጎማው ጠጋ አድርጉ፤ ከጋለ እስኪበርድ ጠብቁ። በአንድ እጁ የሚነዳ አይኑር።››

‹‹ዶሮስ፣ አባዬ?›› አለች ሜላት።

‹‹ዶሮም አይኑር!›› አለ፤ ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳይወድ ሳቀ። ቀዩን ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ አሰረላትና ኮርቻዋን በእጁ ገፋ አደረገው።

እንደ ወትሮው ቢሆን ከዓይኑ እስኪሰወሩ ቆሞ ያይ ነበር። ያን ቀን አልቆመም። ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈና በጉልበቱ ተንበርክኮ ፍለጋ ጀመረ። የሚፈልገው እጀታው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር የተጠቀለለበትን ነው። አገኘው። መፍቻውን ኪሱ ከትቶ፣ የፍሬኑን ዝገት በሱሪው እየጠረገ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ፤ የፍፁምን በር አንኳኳ።

ፍፁም እያነከሰ መጥቶ ከፈተለት። ‹‹ጋሼ ስዩም? በጠዋት፣ በደህና ነው?››

‹‹ፈጥነህ አልነበረም›› አለው ስዩም። ‹‹እኔ ነኝ። ሳይክልህ የታለ?››

ልጁ ወደ ጓሮ መራው። ሳይክሉ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ፣ በአሮጌ ሸራ ተሸፍኖ፣ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ስዩም ሸራውን ገፈፈና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የፊቱን ፍሬን መግጠም ጀመረ።