«አልጠግብ ባይ» ማለት

የታሰርኩት በተረት ነው። ዲላ ውስጥ በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ፣ የቡና ማሳቸው ስለተወሰደባቸው ሰዎች ሲወራ፣ ተነሥቼ «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል» አልኩ። ሰው ሳቀ። መድረክ ላይ የነበሩት አስተዳዳሪና ሹሞቻቸው አልሳቁም። በማግስቱ ከማስተምርበት ክፍል በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ጠበቁኝ። የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ አብሬያቸው ሄድኩ።

የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሽታው የእርጥብ ብርድ ልብስ። ጥግ ላይ፣ ከዲላ አጠገብ ካለችው ጪጩ የመጡ አንዲት እናት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ልጃቸው ተፈልጎ ስለታጣ እሳቸው ተይዘው ነው የመጡት። ትኩሳት ይዟቸዋል። እህል ከቀመሱ ሰንብተዋል፤ ውሃም የሚጠጡት በልመና ነው። ሌሎቹ ሴቶች የሚያወሩት በሹክሹክታ ነበር፣ ሰው እንደሚያጣጥርበት ቤት።

ከቀናት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ።

«አልጠግብ ባይ ያልሽው ማንን ነው?»

«ስም አልጠራሁም።»

«የአማርኛ መምህርት ነሽ አይደል? ትርጉሙን ንገሪኝ።»

«ርቦት የሚበላ ሰው አልጠግብ ባይ አይባልም። ከጠገበ በኋላም እጁን የማይሰበስብ፣ የሌላውን ድርሻ የሚያይ ነው። ለምግብም ይባላል፣ ለገንዘብም፣ ለመሬትም።»

«ለሥልጣንስ?»

«ይባላል።»

«ሲተፋ ያድራል ያልሽውስ? ዛቻ ነው?»

«አይደለም። ከልክ በላይ የበላ ሰው ያመዋል ማለት ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «‹አስተዳዳሪውን ማለቴ ነበር፣ ይቅርታ› በይና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

ቤቴ መግባት እንዴት እንዳማረኝ የማውቀው እኔ ነኝ። «እሳቸውን ያነሡት እርስዎ ነዎት» አልኩት። «እኔ አላነሣሁም።»

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። በሩ ሲከፈት እኚያ እናት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ላብ አጥምቋቸው ትኩሳቱ ለቋቸዋል። ዘመድ ያመጣላቸውን ቆጮ በጎመን ይጎርሳሉ። ሴቶቹ ከበው ያዩዋቸዋል።

«አንተ ምን ብለህ ነው የታሰርከው?» አሉኝ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

«አልጠግብ ባይ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«እሱ ምንድን ነው?»

«በልቶ በቃኝ የማይል ሰው።»

አፋቸው ውስጥ ያለውን ዋጡና ባዶውን ሳህን ዘረጉልኝ። «እንግዲያ እሱ እኔ ነው። ጨምርልኝ።»

ሳቃችን ኮሪደሩን ሞላው። ጠባቂዋ ፖሊስ ምን መጣ ብላ በሩን ከፈተች። እማማ ትንሽ አዩዋት። ከጨመርኩላቸው ላይ ቆርሰው፣ ጎመን አድርገውበት እጃቸውን ዘረጉላት።

«አንተም ምሳ አልበላህም። ና።»

ልጅቷ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጎረሰች።

ብዙም ሳይቆይ እማማም እኔም ያለ ክስ ተለቀቅን። ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጠባቂዋን አልፎ አልፎ ገበያ ላይ አገኛታለሁ። ስለዚያ ክፍል አናወራም።

«እናታችን እንዴት ናቸው?» ትለኛለች።

«ደህና ናቸው» እላታለሁ። «ይበላሉ።»