ባለቤቱ እርቅ ላይ ነው

ባለፈው ሰሞን የእህታችን ልጅ መቂ ላይ ወልዳ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከከማል ጋር አራስ ጠይቀን ወደ አዳማ እየተመለስን ነበር። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኛ የኋላው ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀምጠናል፤ አራሷ በግድ ያሸከመችን ፓፓያ ጉልበቴ ላይ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎታል። ሁለት ወጣቶች እየተቀባበሉ አስቂኝ የወንጀል ወሬ ያወራሉ። መጀመሪያ፣ የሰረቀውን ፍየል ነጠላ አከናንቦ "እናቴን ሐኪም ቤት እየወሰድኩ ነው" ብሎ ባጃጅ ስለተሳፈረ ሌባ አወሩ። እውነቴን ነው፣ እኔም ሳቅሁ።

"ይሄኛውማ የድሮ ነው፤ ግን አቻ የለውም" ብሎ ቀጠለ አንደኛው። "አንድ የቅጥቅጥ ሾፌር ጠመንጃ በሽንኩርት ጆንያ ደብቆ ሲያሳልፍ ኬላ ላይ ይያዛል። ፖሊሱ ሽንኩርቱን ሲበረብር እንባው ዱብ ዱብ እያለ ጠመንጃውን ያወጣዋል። የማን ነው ሲሉት ሾፌሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? ባለቤቱ እርቅ ላይ ነው።" ሚኒባሱ በሳቅ አውካካ። "ሊታረቅ የሄደ ሰው ጠመንጃ ምን ያደርግለታል?" አለ ሁለተኛው፣ ሳቁ እያቋረጠው። ከዚያ ድምፁን ኮስተር አድርጎ አሽከርካሪዎች ፈቃዱን የማያውቁትን መሣሪያ እንዳይጭኑ መከረና ማስታወቂያ ገባ።

ደሜ ፈላ። ያ ሾፌር ከጎኔ ተቀምጧል።

"ዝጋው ይሄን ሬዲዮ" አልኩ ከኋላ ሆኜ። የሚኒባሱ ሾፌር በመስታወቱ አየኝ። "ምነው ማዘር? ቀልድ እኮ ነው" አለ። ከማል ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ለካ እሱም እየሳቀ ነው።

"በራስህ ትስቃለህ?" አልኩት በጆሮው።

"ሽንኩርት ማለታቸው ነው ያሳቀኝ" አለኝ። "የጫንኩት እኮ ድንች ነበር።"

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ንዴቱን ሁሉ ለእኔ ትቶልኝ ነው የኖረው።

ያን ጊዜ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባታችን ከወሎ መጥቶ አዳማ ላይ ሲነግድ ኖሮ ሞቷል፤ እናታችን ታማሚ ናት፤ ቤቱን የያዘው ከማል ነው። ከሻሸመኔ አዳማ ቅጥቅጥ ይነዳል። ቅጥቅጥ የምንለው በጭነት መኪና አካል ላይ እዚሁ አገር የተሠራውን አውቶቡስ ነው፤ ውስጡ ሰው፣ ጣሪያው ላይ ድንች፣ ጎመንና እግሯ የታሰረ ዶሮ ይጫንበታል። ከማል ማታ ሲገባ አቧራና ናፍጣ ይሸታል። ደህና የዋለ ቀን ከዝዋይ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልናል፤ ጋዜጣው በዘይት ርሶ ፊደሉ ዓሣው ቆዳ ላይ ይታተማል። የዚያን ዓሣ ያህል ምንም ጣፍጦኝ አያውቅም።

በዚያ መስመር አንድ ልማድ ነበር። ጠመንጃ የያዘ ባላገር ሲሳፈር ጥይቱን አውጥቶ ኪሱ ይከታል፤ ጠመንጃውን ለሾፌሩ ይሰጣል። ሾፌሩ ከወንበሩ ጀርባ ያቆመዋል። ሰውየው ሲወርድ ይቀበላል። ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ ብረቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ መኪና ውስጥ ጠብ ቢነሳ ከቡጢ አያልፍም። ከብዙ መመሪያ ይልቅ ይህ ልማድ ሰው አትርፏል ባይ ነኝ። ኬላ ላይ የሚቆሙት ፖሊሶችም ያውቁታል። ባለቤቱ ከወንበሩ ተነስቶ ፈቃዱን ያሳያል፤ ጉዞ ይቀጥላል።

በዚያ ሰሞን ግን አዲስ መመሪያ ወጣ ተባለ። ሾፌር ዘንድ መሣሪያ ከተገኘና ባለፈቃዱ መኪናው ውስጥ ከሌለ ተጠያቂው ሾፌሩ ነው። ለሾፌሮቹ ማን ነገራቸው? ማንም። በእኛ አገር ሕግ መኖሩን ብዙ ጊዜ የምታውቀው ስትታሰር ነው።

መጋቢት ነበር፤ ስምጥ ሸለቆው የሚጋይበት፣ ንፋሱ አቧራ እንጂ ብርድ የማያመጣበት ጊዜ። አንድ ጠዋት ከአርሲ ነገሌ ኦቦ በዳሶ የሚባሉ ሰው ተሳፈሩ። ከማል በመስመሩ ያውቃቸዋል፤ ከብት ያላቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ጠመንጃቸውን እንደ ልማዱ ሰጡት። ቡልቡላ አካባቢ ሲወርዱ ግን አልተቀበሉትም። "ነገ ስትመለስ እዚሁ አቁመህ ትሰጠኛለህ" አሉት።

የሚሄዱት እርቅ ላይ ነበር። የወንድማቸው ልጅ ሰው ገድሎ፣ ሽማግሌዎች የሁለቱን ቤተሰብ ደም ለማድረቅ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። እርቅ ላይ ብረት አይገባም። ሁለቱም ወገን መሣሪያውን ቤቱ ትቶ ባዶ እጁን ለመምጣቱ ምሎ ነው የሚቀመጠው። ኦቦ በዳሶ ግን የሟች ዘመዶች ባሉበት አገር ባዶ እጃቸውን ማለፍ ፈርተው ይዘውት ተነስተዋል። ከማል ምን ይበል? አልቀበልም ቢል ሰውየው ወይ ይዘውት ይገባሉ፣ ወይ ከመንገድ ይመለሳሉ። ተቀበለና ጋቢውን ጣል አድርጎበት ነዳ።

ኬላው ላይ ተያዘ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ዛሬም እዚያ የማከብራቸው ሰዎች አሉ።

"የማን ነው?" አለው ፖሊሱ።

"የተሳፋሪ።"

"ተሳፋሪውስ?"

"ባለቤቱ እርቅ ላይ ነው።"

ፖሊሶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በእነሱ አልፈርድም፤ ነገሩ ለሰሚው ያስቃል። የምፈርደው በተሳፋሪዎቹ ነው። ኦቦ በዳሶ ጠመንጃውን ሲሰጡ መኪና ሙሉ ሰው አይቷል። ሲጠየቁ ግን አንዱ ተኝቼ ነበር አለ፤ አንዷ ልጅ እያጠባሁ ነበር አለች፤ ሌላው ገና አሁን ነው የተሳፈርኩት አለ። ከመካከላቸው ከማል በሽተኛቸውን በነፃ የጫነላቸው ሰዎች ነበሩ። ሌላ ሾፌር ተፈልጎ መኪናው ሲነሳ አንድም ሰው ዞሮ አላየውም። እስከ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ የማየው ለዚህ ነው። የትኛው እንደሚተኛ ለማወቅ።

በማግስቱ ስንቅ ይዤ እስር ቤቱ ደረስኩ። ከማል በፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ የሆነውን በሹክሹክታ ነገረኝና እናታችን ሰምታ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ነገር ሌላ ነበር። ባለጠመንጃው ቀርቦ የእኔ ነው ካላለ፣ ወንድሜ የመሣሪያ አዘዋዋሪ ተብሎ እንደሚከሰስ ፖሊሶቹ በሩ ላይ ነግረውኛል። መንጃ ፈቃዱ ሄደ ማለት ቤታችን ሄደ ማለት ነው።

"ስማቸውን ንገርና ያስጠሯቸው" አልኩት።

"አልናገርም። ፖሊስ ሄዶ ከሽማግሌ መሃል ሲያነሳቸው የሟች ወገን ጠመንጃ ይዘው እንደመጡ ሰማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እርቅ የለም። ሰው ይሞታል፣ ዘሀራ።"

"አንተስ?"

"እኔ ታሰርኩ እንጂ አልሞትኩም" አለኝና የስንቁን ክዳን ከፈተ።

እኔ ግን ጨዋ ሆኜ ወደ ቤቴ አልተመለስኩም። የመጣውን መኪና አስቁሜ ቡልቡላ ወረድኩና እየጠየቅሁ በእግሬ ሄድኩ። ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል፤ ጫማዬ አቧራ ውስጥ ይሰጥማል። ግራሩ ከሩቅ ይታያል፤ ሥሩ ወንዶች በሁለት ወገን ተቀምጠዋል፣ ሽማግሌዎቹ መሃል ናቸው። ከወዲያ ራቅ ብለው የተቀመጡ ሴቶች ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ እርጎ ሰጡኝ። የሾፌሩ እህት መጥታለች ብዬ መልእክት ላክሁ። ነገሩ ለአፍታ ሲቋረጥ ኦቦ በዳሶ ተነስተው መጡ። ረጅም፣ ሽበታቸው ገና የጀመራቸው ሰው ናቸው።

"አከም ጅርታ፣ ኢንተለ ቲያ" አሉኝ። ደህና ነሽ ወይ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ያወራነው ሁሉ በኦሮምኛ ነበር።

"ወንድሜ በእርስዎ ጠመንጃ ታስሯል" አልኳቸው።

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምተው እዚህ ተቀመጡ?"

ቀኝ እጃቸው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ጣታቸው ሲንቀሳቀስ ብረት ከብረት ሲነካካ ሰማሁ። ጥይቱ ነው። በልማዱ መሠረት ብረቱን ለሾፌር ሰጥተው ጥይቱን ኪሳቸው ከተዋል፤ እንደዚያው ሆነው ሄደው ግራሩ ሥር ተቀምጠዋል።

"ባዶ እጄን ነው የመጣሁት ብለው የማሉት ይሄን ይዘው ነው?"

ፊታቸው ጠቆረ። "የት ልጣለው?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። ልጄ፣ አሁን ብናገር ደሙ ይመለሳል። እርቁ ይለቅና በእግሬ መጥቼ የእኔ ነው እላለሁ።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

"የሽማግሌ ነገር ነው፤ እንዴት ይታወቃል" አሉኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት አሁን ሳወራው እንኳ አልበረደልኝም። የሰውየውን ኪስ ፈትሹ ብዬ ብጮህ ይበቃኝ ነበር። ወንድሜ በማግስቱ ይፈታል ብዬ አምን ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እንኳ አልሞላም ነበር። አፌን ከፍቼ ዞርኩ። ከወዲያኛው ወገን ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ አሮጊት ተቀምጣለች። የሟች እናት ናት ብለውኛል። ከኋላዋ ሌላው ልጇ ቆሟል፤ የእኔ እኩያ ቢሆን ነው፤ ጢም እንኳ አላወጣም። ያን ጥይት ቢያይ ምን ማድረግ እንደሚጠበቅበት እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አፌን ዘጋሁት። ለኦቦ በዳሶ ብዬ አይደለም። ከቶ ለእሳቸው ብዬ አይደለም።

ኦቦ በዳሶ አልቀሩም፤ ይህን አልክድም። እርቁ ያለቀው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው፤ በጭቃ ፍርድ ቤት ድረስ መጥተው ፈቃዳቸውንና ጥይታቸውን ዳኛው ፊት አስቀመጡ። ብረቱ የእኔ ነው፣ ልጁ የተሰጠውን ነው የያዘው አሉ። ዳኛው ሰምተው ሲያበቁ፣ ፈቃድ ለሌለው ሰው አሳልፎ የሰጠም ጥፋተኛ፣ የተቀበለም ጥፋተኛ አሉ። አንድ ንጹሕ ሰው ይወጣል ስንል ሁለት እስረኛ ሆኑ። ሕጉ የሚለው እንደዚያ ከሆነ፣ ሕጉን የጻፈው ሰው በዚያ መንገድ አንድ ቀን በቅጥቅጥ ተሳፍሮ አያውቅም።

ይባስ ብሎ በአንድ ክፍል አሰሯቸው። የኦቦ በዳሶ ቤት ሩቅ ነው፤ ስንቅ የሚያመጣላቸው ቶሎ አይደርስም። እኔ ለወንድሜ የወሰድኩትን ምስር በእንጀራ ከማል ከሁለት ይከፍለዋል። "ለእሳቸው አላመጣሁም" እለዋለሁ። "እኔስ ብቻዬን ልብላ?" ይለኛል። ከሳብኝ። በኋላ ለሁለት ሰው መቋጠር ጀመርኩ፤ ወንድሜ እንዳይራብ ብዬ። ቤታችንን የዘጉብንን ሰው ከታማሚ እናቴ መሶብ አውጥቼ ቀለብኩ። ኦቦ በዳሶ በፍርግርጉ በኩል ሲመርቁኝ አሜን ብዬ አላውቅም።

ሲፈቱ ለከማል መንጃ ፈቃዱን አልመለሱለትም። ዳግም መሪ ሳይጨብጥ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ጎሚስታ ሆነ፤ የሌላ ሰው መኪና ጎማ ሲነፋ ኖረ። እኔም ትምህርቴን ትቼ ሱቅ ተቀጠርኩ። ኦቦ በዳሶ እስኪሞቱ ድረስ በየአረፋው በሚያልፍ መኪና በግ ይልኩለት ነበር። ከማል ያርዳል፣ ጎረቤት ጠርቶ ይበላል፣ ስልክ ሲመጣም ደውሎ ያመሰግናቸው ነበር። እኔ ከዚያ ሥጋ ቀምሼ አላውቅም።

"ያ እርቅ እስከ ዛሬ ጸንቷል እኮ" ይለኛል ስቆጣ። አውቃለሁ። ለሟች ቤተሰብ ጉማ፣ የደም ካሳ ማለት ነው፣ በከብት ተከፍሏል፤ ሽማግሌ መርቋል፤ አሮጊቷም ሌላ ልጅ አልቀበረችም። ደስ ይለኛል፤ የወንድሜን ጉማ ግን የከፈለ የለም። እንዲያውም የተረፈው ቀልዱ ነው፤ አሁን ደግሞ ስሙን እንኳ ያልጠየቁ ልጆች ሽንኩርት ጨምረውበት በሬዲዮ ያስቁበታል።

ይህን ሁሉ እያብሰለሰልኩ ሚኒባሱ ቆመ። ኬላ ነው። "ውረዱ፣ ፍተሻ አለ" አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ፤ ወንዱ በአንድ መስመር፣ ሴቱ በሌላ ተሰለፈ። ሲስቁ የነበሩት ሁሉ መታወቂያቸውን አውጥተው ቆመዋል። አንድ ወጣት ፖሊስ ከፊት ጀምሮ ይፈትሻል፤ ልጁ ትሑት ነው፣ ይቅርታ እያለ ነው የሚዳስሰው።

ከማል ከመስመሩ መጨረሻ ነበር። ፊቱ ላይ አሁንም ያ ፈገግታው አለ። ሁለት እጁን ግን ከትከሻው በላይ አንስቷል፤ ማንም አላዘዘውም፣ ከፊቱ ገና ብዙ ሰው አለ። ከመኪና ወርዶ ፖሊስ ባየ ቁጥር እንዲህ ያደርጋል፤ ማድረጉን የሚያውቀው አይመስለኝም። ፓፓያውን መሬት አስቀምጬ ከሴቶቹ መስመር ወጣሁና ሄጄ ክንዶቹን ያዝኳቸው።

"አውርድ" አልኩት። "ገና አልደረሰንም።"