ስለ ጋሽ እንድሪስና ስለዋሸሁት ምስክርነት

ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመሰክር ነው የወጣሁት። አንተ ወንድሜ፣ እባክህ ድምፅ ማጉያውን ቀንስልኝ። ቀንሰው፣ አሁንም ቀንሰው። እንደዚያ፣ ተባረክ። ያልተሰማው ወደ ፊት መጥቶ ይቀመጥ።

የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አልቅሳችኋል፣ እልልም ብላችኋል። ልጄ ፀጋ ተፈወሰች ብዬ መሰከርኩላችሁ። ዋሽቼ ነው። ኧረ አታጉረምርሙ፣ ልጨርስ! በእግዚአብሔር ቤት፣ ማይክ ጨብጬ ዋሸሁ።

ፀጋ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አትናገርም፣ በስሟ ብትጠሯት አትዞርም። ዶክተሩ፣ "እናት፣ ይሄ ኦቲዝም ነው። ጋኔን አይደለም፣ ያንቺም ጥፋት አይደለም። የሚያስተምራት ሰው ፈልጊላት" አለኝ። እኔ ደግሞ ጀግና ነኛ! "እሱ ያንተ ሪፖርት ነው ዶክተር፣ የጌታ ሪፖርት ሌላ ነው" ብዬው ወጣሁ። ለጸሎት እዚህ አመጣኋት። አምስት ሰው ከቧት ጆሮዋ ላይ "ውጣ! ውጣ!" እያለ ጮኸባት። ልጄን ድምፅ ያማታል፤ የድስት ክዳን እንኳን ሲወድቅ ጠረጴዛ ስር ትገባለች። ያን ቀን ጮኻ ጮኻ ደከማትና ወለሉ ላይ ዝም አለች። "ነፃ ወጣች!" ተባለ፣ ማይኩ እጄ ገባ። እኔም ዝምታዋን ፈውስ ነው አልኳችሁ፤ እናንተም አሜን አላችሁ።

ከዚያስ? ተፈወሰች የተባለች ልጅ ከዚያ በኋላ እንዴት ትታይ! ላምበረት ያለው ቤቴ ውስጥ ቆለፍኩባት። እሁድ ስትጠይቁኝ "ሆሳዕና ከተማ፣ አያቷ ጋ ናት" እላለሁ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሥራ እሄዳለሁ።

ሥራዬ ወሎ ሰፈር፣ ጋሽ እንድሪስ ጋራዥ ነው፤ የመለዋወጫ መጋዘኑን የምይዘው እኔ ነኝ። ጋሽ እንድሪስ የወሎ ሰው ነበሩ፤ ሙስሊም፣ ቁጡ፣ ሥራ አዋቂ። ግን ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ትልቁን ክፍል መኪና አያስገቡበትም። ግድግዳውን ስፖንጅ አልብሰው፣ አስተማሪ ቀጥረው፣ እንደ ፀጋ ያሉ ልጆችን ያስውሉበታል። ልጆቹ ካሉ መዶሻ አይነሳም። ላሜራ የሚቀጠቅጡት ሠራተኞች ልጆቹ እስኪሄዱ ሌላ ሌላውን ይሠራሉ። "መኪናዬ ዘገየ" ብሎ የሚቆጣ ደንበኛ ካለ፣ "በል ሌላ ጋራዥ ውሰዳት" ነው መልሳቸው። እኔ በዚያ በር በየቀኑ አልፋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳን ልጅ አለችኝ አላልኩም። ምን ብዬ? ተፈውሳለቻ!

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጎረቤቴ ደወለች። "ልጅሽ ጭንቅላቷን ከበሩ ጋር እያጋጨች ነው፣ ድረሺ!" ጋሽ እንድሪስ በመኪናቸው ይዘውኝ በረሩ። ቁልፉን ከአንገቴ ሳወጣ አዩኝ። ስንገባ ግንባሯ ደምቷል። አሁን ያዋርዱኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከልጄ ራቅ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

"እኔም ቁልፍ ነበረኝ" አሉኝ። "እንግዳ ሲመጣ ልጄን ጓዳ እቆልፍበት ነበር። አስራ ሁለት ዓመት። እንደደበቅሁት ሞተብኝ። አንቺ አብሽሪ፣ ያንቺ አለች። ነገ ይዘሻት ነይ።"

ወሰድኳት። አልተፈወሰችም፣ ዛሬም አትናገርም። ግን ውሃ ሲጠማት የኩባያ ሥዕል አምጥታ እጄ ላይ ታስቀምጣለች። ክብር ለስሙ ይሁን! ያን ሁሉ ዓመት እኮ ልጄ ምን እንደፈለገች አላውቅም ነበር!

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። እዚያ ጋሽ እንድሪስ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ነበር፣ እናቱ ከዚህ ጉባኤ ናት። ያን ምስክርነቴን ሰምታ፣ "የፀጋ አምላክ የኔንም ይፈውሳል፣ አስተማሪ ምን ያደርግለታል" ብላ አስወጣችው። ጋሽ እንድሪስ ይህን ሲያወሩኝ መስካሪዋ ማን እንደሆነች አያውቁም። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። "እንግዲያው ሄደሽ ንገሪያቸው። በዚያው አፍሽ፣ እዚያው ቦታ ቆመሽ።"

"እሺ ጋሼ፣ በሚቀጥለው እሁድ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ የሚቀጥለው እሁድ! አፈርኩ፤ ምን ይሉኛል አልኩ። ታመው ሆስፒታል ተኝተው እንኳን ገና ስገባ "ነገርሻቸው?" አሉኝ። "እሁድ" አልኳቸው። ሐሙስ ሞቱ።

ለቅሷቸው ላይ ከእናንተ አንድ ሰው አላየሁም። ኑ ብዬ ስለምናችሁ፣ "እሱ እኮ የኛ ሰው አይደለም" ተባልኩ። ልቆጣችሁ ፈለግሁ። ግን ምን አፍ አለኝ? ከሁላችሁ የባስኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ጌታ ምን ሠራ ትሉኝ ይሆናል። እኔን ፈወሰኝ፤ ከውሸቴ። የተጠቀመበትም እናንተ ያልቀበራችሁት ሰው ነው። እግዚአብሔርን ታመኑት ወገኖቼ፣ እኔም ታምኜዋለሁ። ልጆቻችሁን ግን አትደብቁ፤ የሠራቸው እሱ ነው፣ አያፍርባቸውም።

እህቴ፣ የት እንደተቀመጥሽ አውቃለሁ፤ ሰው እንዳይለይሽ ወዳንቺ አላይም። ይቅር በይኝ። ያ ክፍል አልተዘጋም፤ ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። ልጅሽን ይዘሽልኝ ነይ።

ፀጋ ዛሬ መጥታለች። በሩ ጋ ጆሮዋን በእጇ ይዛ የቆመችው እሷ ናት። ማንም እጁን እንዳይጭንባት። አታጨብጭቡ፣ እልልም አትበሉ። አሜን የምትሉ ከሆነ፣ ስለ ልጄ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ በሉ።