ምላጭ የያዘው ሰካራም

በ1962 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በሐሙስ ገበያ፣ ሰው በሞላበት፣ ግራዝማች በላቸው ሰካራም ብለው ሰደቡኝ። አልጠጣሁም ነበር። ጠላ እንኳ ከቀመስኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ስድቡን የማልረሳው ግን ውሸት ስለነበር ብቻ አይደለም። ምክንያቱን አዘጋጅቼ የሰጠኋቸው እኔው ራሴ ነኝ። ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል።

ተሰማ እባላለሁ። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። አገሬ ሰላሌ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ባርባ ሁለት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ማንበብ እንደቻልኩ መጀመሪያ ያነበብኩት የራሴን ሰሌዳ ነበር። ለአሥራ አንድ ዓመት ከበሬ በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «ጸጉር አስካካይ» ይላል። ጻፊው «ተ»ን ውጧታል። ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዶሮ ነበርኩ! ሰውዬው ጽፎ ሲያነብልኝ አንድ ፊደል አልጎደለውም ነበር። የተማሩት ደንበኞቼም በሥሩ ይገቡ ይወጡ ነበር፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው እንዲያነብልኝ አልፈቅድም።

ሕመሙ የያዘኝ ሰሌዳውን ካስቀየርኩ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ውኃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካ አልኩ። ሥራዬ ወደ ጓሮ መመላለስ ሆነ። ባለቤቴ አልጋነሽ የሸናሁበትን ቦታ ጉንዳን ወሮት አየችና «ሰውዬ፣ ይሄ ስኳር ነው» አለችኝ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ፈረንጁ ሐኪም ደም ቀድቶ፣ ሽንት ተቀብሎ፣ ሁለት ቀን አመላልሶ፣ ጉንዳኑ ያለውን ደገመልኝ። ስኳር እንዳትቀምስ አለኝ። ክኒንም አዘዘልኝ።

መድኃኒት የሚያድለው ድሬሰር ክኒኑን በትንሽ ፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። ልጅ እግር ነው፣ ትሑት።

«ጋሼ፣ ላንብብልዎት?»

«ለምን? ዓይን የለኝም?»

«አይ፣ እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው።»

«ስሳሳት ትጠራኛለህ» ብዬው ወጣሁ።

ፖስታው ላይ ፈረንጁ በለመዳት አማርኛ በእጁ የጻፈው አጭር ነገር ነው፤ በየቀኑ 1 ፍሬ፣ 8 ሰዓት። ይህን ማንበብ ያቃተው ሰው ማታ ትምህርት ቤት ምን ሊሠራ ሄደ? ምሳዬን በጊዜ እበላና የግድግዳው ሰዓት ልክ ስምንት ሲል አንዷን ፍሬ በውኃ እውጣለሁ። አንድ ቀን አላሳለፍኩም፣ አምስት ደቂቃ አላዛነፍኩም።

ሳምንት ሳይሞላኝ ጉድ መጣ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ላብ ያጠምቀኛል። ልቤ ይደልቃል። እጄ ይንቀጠቀጣል። ምላሴ ይተሳሰራል። አልጋነሽ ደንግጣ ስኳር የበዛበት ሻይ ብታመጣልኝ «ልትገድይኝ ነው?» ብዬ መለስኩባት። እራት ስበላ ይተወኛል። ሰፈሩም ይህን አይቶ «ስካሩ ማታ ማታ ይበርድለታል» ማለት ጀመረ።

በዚያ ሐሙስ ግራዝማች በላቸው ጢማቸውን ሊላጩ መጡ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ከሚላጩበት ሌላውም ይላጫል። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። እጄ መክዳት ሲጀምር ቶሎ ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ። ምላጩ ከግራ ጆሯቸው ሥር ገባ።

ዘለው ተነሡ። «አንተ! ጠጥተሃል!»

«አልጠጣሁም ግራዝማች» ልል ስል ምላሴ ጎተተኝ። ጉልበቴም ከዳኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

«እዩት!» አሉ፣ ደማቸውን በፎጣዬ ይዘው በሩ ላይ ቆመው። «ምላጭ የያዘ ሰካራም! ሰው ነው የሚያርደው!»

ገበያተኛው ሳቀ። እኔ መሬት ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። አልጋነሽ «ሐኪሙ ጋ ተመለስ» አለችኝ። ተመልሼ ምን ልል? ለዚያ ድሬሰር ማንበብ እችላለሁ ብዬው የለ! «ይሄ ክኒን መርዝ ነው፣ ትቼዋለሁ» አልኳትና ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

እውነትም እጄ ቀጥ አለ። ደስታዬ አንድ ወር አልቆየም። ጥማቱ ተመለሰ፤ ጓሮ ለጓሮ መሮጥም ተመለሰ። ክረምቱ ሲጋመስ ደግሞ ዓይኔ ላይ ጉም ወረደ። መጀመሪያ የጋዜጣው ፊደል ጠፋ፣ ቀጥሎ የሰሌዳዬ። ባርባ ሁለት ዓመቴ ያገኘሁትን ፊደል ባርባ ስድስቴ ሊወስድብኝ ነው። ክኒኑን ብውጠው እጄ ይሄዳል፣ ብተወው ዓይኔ። ጸጉር አስተካካይ ከሁለቱ የትኛውን ይመርጣል? ክረምቱን ሙሉ ባዶ ወንበር አጠገብ ቁጭ ብዬ ይህን አሰላስል ነበር።

ጥቅምት ላይ አባ ፊጣ መጣ። ከሰቃ የሚመጣ ቡና ነጋዴ ነው፤ ወሬው ስላልደረሰው እንደ ልማዱ ወንበሬ ላይ ዘፍ አለ። ብስጭት ብሏል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት አገጩን ሳሙና እየቀባሁ።

«አውሮፕላን አመለጠኝ፣ አቦ! ትኬቱ ላይ ስምንት ይላል። ምሳዬን በላሁ፣ ዙህር ሰገድኩ፣ ሜዳው ላይ ስደርስ ወላሂ አንዲት ላም ብቻ ቆማለች! ዘበኛውን ‹አውሮፕላኑስ?› ብለው ሳቀብኝ። ‹ስምንት የተባለው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው› አይለኝም?»

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ቆመ።

«ምን አልክ? ድገመው።»

«ማሎ፣ እባክህ ተሰማ! መጀመሪያ ምላጩን አንሳ!»

ግማሽ ፊቱን ላጭቼ፣ ግማሹን በሳሙና ትቼው፣ ፖስታዬን ከመሳቢያ አውጥቼ ወደ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ድሬሰሩ ፖስታውን አየና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ የጻፈው በራሱ ሰዓት ነዋ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቁርስ ሲበሉ። ከምሳ በኋላ ውጠው እስከ ማታ ምንም ካልቀመሱማ ይጥልዎታል።» ፖስታውን መለሰልኝ። «ላንብብልዎት ብዬ ነበር።»

«ብለህ ነበር» አልኩት።

እጄ ሲንቀጠቀጥ ቶሎ ስኳር እንድልስም ነገረኝ። ለካ አልጋነሽ አፍልታው የመለስኩባት ሻይ መድኃኒቴ ኖሯል! አሁን የስኳር በሽተኛው ተሰማ በደረት ኪሱ ስኳር ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል። ክኒኑን በጠዋት መዋጥ ከጀመርኩ ወዲህ ኪሴን የፈታሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ዓይኔም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

አባ ፊጣ ግማሽ ጢሙን ይዞ ገበያውን ስለዞረ ታሪኩ ሁሉም ጋ ደረሰ። ሰካራም መባሌ ቀረና «ተሰማ ስምንት ሰዓት» ተባልኩ። የትኛው ይሻላል አትበሉኝ።

ግራዝማችም መጡ። ሌላው ጸጉር አስተካካይ ጢማቸውን እንደ ሳር አጭዶታል። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና በመስተዋቱ አዩኝ።

«ተሰማ፣ ዛሬ በስንት ሰዓት ዋጥክ?»

«በሁለት ሰዓት፣ ግራዝማች።»

«በማን?»

«በእኛ።»

አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉልኝ። ከጆሯቸው ሥር ያለችው ጠባሳ ጋ ስደርስ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ምላጩ አለፈ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቁኝም፤ እኔም ድሬሰሩን አልጠየቅኩትም። ክኒኑን አሁንም አልወደውም፣ ግን እውጠዋለሁ። ይህንንም የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው፤ ያነበብኩትም ራሴ ነኝ፤ አልጋነሽ ግን አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ እንዳነብላት አስገድዳኛለች።

ግራዝማች ተላጭተው ነገሩ ያለቀው ሐሙስ ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ በሦስት ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰዓት።