ከሚኒባስ የወደቀው ፍራሽ

ጅጅጋ ውስጥ ኮምፒዩተር ሳስተምር ክፍላችን ስድስት ማሽንና ስድስት ሺህ ኩንታል አቧራ ነበረው። ተማሪዎቼ ከሥራ ወጥተው የሚመጡ ጎልማሶች ናቸው። አንዱ ከቶጎጫሌ ጅጅጋ ሚኒባስ የሚነዳ እኩያዬ ነበር። ሰርተፍኬት ይዞ ቢሮ ለመግባት፣ ከመሪው ለመገላገል ቆርጦ ነው የተመዘገበው።

አንድ ቀን ቁጥር የሚገምት ፕሮግራም አሠራኋቸው። ሰው ከአንድ እስከ ሺህ አንዱን በልቡ ይይዛል፤ ፕሮግራሙ «ከመሃሉ ይበልጣል?» እያለ፣ ግማሽ ግማሹን እየጣለ ይደርስበታል።

ሾፌሩ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ሰውየው እስከ ስንት እንደሆነ ባይነግረንስ? መሃሉ የቱ ነው?»

እውነቱን ልናገር፤ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ከጥርስ ሕመም ይብስብኝ ነበር።

«ያኔማ ከአንድ ጀምረህ ትቆጥራለሃ! የልጅ ልጆችህ ይጨርሱታል።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን ቀጠለ።

«ወላሂ፣ እኛ መንገድ ላይ እንዲህ አናደርግም። ጅጅጋ ስደርስ ጣሪያ ላይ የጫንኩት ፍራሽ የለም እንበል። ያገኘው ሰው አንስቶ አስቀምጦልኛል፤ የት እንደሆነ ግን አላውቅም። እመለሳለሁ። አንድ ኪሎሜትር ላይ መንገድ ዳር ያሉትን ‹ቅድም ሳልፍ ፍራሹ ጣሪያው ላይ ነበረ?› እላለሁ። አልነበረም። ሁለት ላይ፣ አራት ላይም አልነበረም። ስምንት ላይ ‹አዎ፣ አይተነዋል› ካሉኝ የወደቀው በአራትና በስምንት መሃል ነው። ከዚያ ስድስት ላይ እጠይቃለሁ። ቁጥሩንስ እንዲህ እጥፍ እጥፍ እያደረግን ብንፈልገው?»

«ወንድሜ፣ ኮምፒዩተር ፍራሽ አይጭንም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ፍራሹ» ሆነ። ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ቀረ።

ከቀረ በኋላ የፍራሹን ዘዴ ብቻዬን ሞከርኩት። አንድ ሚሊዮንን በልቤ ያዝኩ፤ ፕሮግራሙ አርባ በሚሆን ጥያቄ ደረሰበት። ቤቱን አውቀው ነበር፤ አልሄድኩም። ዘዴውን ግን ለሚቀጥለው ክፍል አስተማርኩ፣ ለሚቀጥለውም። የማን እንደሆነ አልተናገርኩም።

ከዓመታት በኋላ ቶጎጫሌ ልሄድ ሚኒባስ ስይዝ መሪው ላይ እሱ ተቀምጧል።

«መምህር! ከፊት ይግቡ እንጂ!» አለኝ።

መንገዱን ሙሉ ይቅርታውን በሆዴ ሳቦካ ሄድኩ። ሦስት መጽሐፍ ይወጣዋል። ደርሰን ስንወርድ አፌን ከፈትኩ።

«እህስ፣ ፍራሹ ተገኘ?»

አልሳቀም።

«አሁን በደንብ አስሬ ነው የምጭነው፣ መምህር» አለና የሰው ዕቃ ሊፈታ ጣሪያው ላይ ወጣ።