ከግርጌ የፈሰሰችው

እህቴ ስትሳሳት ሰምቼ አላውቅም ስል ማድነቄ አይደለም፤ ደፍሮ የሚነግራት አልነበረም ማለቴ ነው። ታላቄ ስለሆነች እትዬ እላታለሁ። የምርምር ቤት ባልደረቦቿ ደግሞ «ወንፊት» ይሏታል፣ የሚረባውን ከማይረባው ትለያለች ብለው። ስሙን ትወደዋለች። እቤትም ቢሆን እኔ የለቀምኩትን ሩዝ ደግማ ካልለቀመችው ምድጃ ላይ አይወጣም።

ሥራዋ እርሾ ነው። ዳቦ የሚያስነሳውን እርሾ ሰባብራ፣ ውስጡ ያሉትን ፕሮቲኖች በመጠናቸው ትለያለች። ጭማቂውን ከሰማያዊ ቀለም ጋር ቀላቅላ እንደ ሙጫ በረጋ ስስ ጄል ራስ ላይ ታስቀምጥና ኤሌክትሪክ ትለቅበታለች። ፕሮቲኖቹ ቁልቁል ይጓዛሉ፤ ትልልቆቹ እየተጋፉ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ ትንንሾቹ ሹልክ ብለው ይቀድማሉ። ሰማያዊው ቀለም ከግርጌ ወጥቶ ካላለቀ ትልልቆቹ በወጉ አይለያዩም ብለው ያስተማሯት መምህሯ ናቸው። እሷም ለተማሪዎቿ እንዲሁ አስተማረች። ቀለሙ ሲወጣ ከሥር ያለውን ውሃ ትደፋለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች።

ከተማሪዎቿ አንዷ ደቃቃ ስለነበረች «ድንቢጥ» ይሏት ነበር። ይህች ልጅ አንድ ቀን አዲስ ጂን አገኘሁ ብላ መጣች። የእርሾው የቅርብ ዘመዶች ያንኑ የዲ ኤን ኤ ቁራጭ ይዘዋል፤ ግን ምንም አይሠራበትም፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል። በዚህኛው እርሾ ግን እዚህም እዚያም ጥቂት ፊደል ተለውጦ ቁራጩ መነበብ ጀምሯል፣ አንዲት በጣም ትንሽ ፕሮቲንም ይሠራበታል አለች።

እትዬ ባልደረቦቿ ሁሉ በተሰበሰቡበት መለሰችላት።

«ጂን የሚመጣው ከጂን ነው። አሮጌው ይባዛል፣ ቅጂው እየተለወጠ አዲስ ይሆናል። ከባዶ ሜዳ በቀለ የሚባል ጂን አላውቅም።» ጄሉን አንስታ በመብራቱ ፊት ያዘችው። «እስቲ የታለች? አሳዪኝ!»

«ከግርጌ ነው የምትሆነው» አለች ድንቢጥ። «ቀደም ብለን ብናቆመው...»

«ሙያዬን ልታስተምሪኝ ነው? ያገኘሽው ቆሻሻ ነው፣ ሌላ ሥራ ያዢ።»

ሰው ሳቀ። እራት ላይ ስትነግረኝ እኔም ሳቅሁ። ድንቢጥ ዓመቱ ሳያልቅ ምርምሩን ትታ ቀለም ፋብሪካ ገባች ሲባል ሰማን፤ ከዚያ በኋላ ስሟን ያነሳ የለም።

በቅርቡ ታዲያ እትዬ ከሥራ በጊዜ መጣች። ካፖርቷን እንኳን ሳታወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«አላመመኝም። ጉድ ሆኛለሁ» አለችኝ። «ሌሎች ተመራማሪዎች ያቺን ፕሮቲን አገኟት። እርሾው እሷ ከሌለችው ብርድ አይችልም።»

«ተሳስተው ቢሆንስ?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረውን የልጅቷን እርሾ አውጥቼ ሠራሁት። ቀለሙ ሳይወጣ አቆምኩት። አለች። ከግርጌ፣ ጭረት የምታህል።» እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀበረቻቸው። «ከቀለሙ ጋር ነበር የምትወጣው። በገዛ እጄ ደፍቼ ደፍቼ፣ የታለች አሳዪኝ አልኳት። ያውም በሰው ፊት!»

ያቺ ፕሮቲን እንዴት ከምንም ትመጣለች ብዬ ጠየቅኋት፤ ነገር ለማስቀየስ ነበር። ወለሉን እያየች አስረዳችኝ። ዝም ያለው ዲ ኤን ኤ አልፎ አልፎ በአጋጣሚ ይነበባል፣ ትንንሽ ፕሮቲኖችም ይወለዳሉ። አብዛኞቹ ምንም ሳይረቡ ይጠፋሉ። አንዷ ከጠቀመች ግን ከልጅ ልጅ እየተላለፈች ትቆያለች፣ ቀስ በቀስም ጂን ትሆናለች። «ትንሽ የሆነችው ገና አዲስ ስለሆነች ነው» አለች። እህቴ ስታፍር ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ እኔም ያኔ አብሬ ስቄ ነበርና ለእሷ ሳይሆን ለራሴ መደበቂያ አጣሁ።

«ሂጂና ንገሪያት» አልኳት።

«በምን ፊቴ?»

«ቆሻሻ ባልሽበት ፊትሽ።»

ክፉ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን አብሬያት ሄድኩ።

ፋብሪካው ውስጥ የቀለሙ ሽታ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ድንቢጥ ግራጫ ጋዋን ለብሳ፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ ቀለም እየቀባች ስትሞክር አገኘናት። እትዬን ስታይ ብሩሹን እንደያዘች ሮጣ አቀፈቻት። አለቃዋንም ጠራችው።

«አስተማሪዬ ናቸው! እሳቸው ቁርጡን ባይነግሩኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ የሌለ ነገር ስፈልግ እኖር ነበር። ሁሌ ነው የማመሰግናቸው።»

አለቃው የእትዬን እጅ ጨበጠ። እትዬ አንገቷን ደፋች። «ደህና ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው?» ትላለች፤ ትደግመዋለች። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ እንሂድ በሚል ዓይን አየችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም መሄድ አማረኝ። ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ ምን አስነካን?

አለቃው ወደ ሥራው ተመለሰ። እትዬ ክንዴን ለቀቀች።

«ነበረች» አለች።

«ማን ናት የነበረችው?»

«ያንቺዋ ፕሮቲን። ነበረች። የደፋኋት እኔ ነኝ።»

ድንቢጥ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አጋደመችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገች፣ የጸዳውንም ደግማ ጠረገች። በሰደበቻት እያልኩ ጠበቅሁ።

«ይቅር በይኝ» አለች እትዬ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

«የት ጋ ታየች?» አለች ድንቢጥ።

እትዬ ያልደረቀው ሰሌዳ ላይ፣ ከታች ጫፉ አጠገብ ጣቷን አኖረች።

«እዚህ።»

ድንቢጥ ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።

«እዚያ ናት ብዬዎት ነበር» አለች።